ወደ ወንዙ የሚያደርስ መንገድ፦ የብሮንክስ ሰፈሮች ታሪክ

የብሮንክስ ወንዝ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ከሚገኘው ከዌስትቸስተር አውራጃ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ በመጨረሻም በሃንትስ ፖይንትና በሳውንድቪው ሰፈሮች መካከል አልፎ ኢስት ሪቨር ወደሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ የሚገባ መጠነኛ ወንዝ ነው። ከተማዪቱን የሚከቧት ታላላቅ ውኆች ከባሕር ጋር የተቀላቀሉና ጨዋማ በመሆናቸው፣ ኒው ዮርክ አለኝ የምትለው የጣፋጭ ውኃ ወንዝ ይኸው ብቻ ነው። ስለ ወንዙ ሲነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው የውኃው መበከልና መጥራት ቢሆንም፣ በደቡብ ብሮንክስ ከ1974 ወዲህ የተደረገው የነዋሪዎች እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል ሲመረመር፣ ሕዝቡን ከወንዙ የለየው ከቆሻሻው ይልቅ በሕዝቡና በውኃው መካከል የተዘረጋው የመኪና መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የፋብሪካ አጥር እንደ ነበረ፣ ወንዙን የማስመለሱም ሥራ ከመነሻው የመንገድ ጥያቄ እንደ ሆነ መገንዘብ ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙም ሆነ አካባቢው ስሙን ያገኘው በ1639 በዚያ መሬት ገዝቶ ከሰፈረው፣ የስዊድን ተወላጅ እንደ ነበረ ከሚነገርለት ከጆናስ ብሮንክ ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ምዕተ ዓመታት የወንዙ ጉልበት ዱቄትና ወረቀት ለሚያመርቱ ወፍጮዎች ኃይል ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ የሎሪላርድ ቤተሰብ በ1840 አካባቢ ያሠራው የሱረት መፍጫ የድንጋይ ሕንጻ ዛሬም በኒው ዮርክ የዕፀዋት ማዕከል ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። በ1840ዎቹ የባቡር ሐዲድ ሸለቆውን ተከትሎ ሲዘረጋ በሐዲዱ ዳር ፋብሪካዎችና ከተሞች በቀሉ፤ ሁሉም ፍሳሻቸውን ወደ ወንዙ ይለቁ ስለ ነበር፣ የምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ወንዙ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ ሆነ። በዚያው ዘመን ለኒው ዮርክ የመጠጥ ውኃ ለማጠራቀም በኬንሲኮ ግድብ መሠራቱ ደግሞ የወንዙን ራስ ውኃ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረውና የቀረው ውኃ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚወስድበት ኃይል አነሰው።

የመጀመሪያው የማጽዳት ዘመቻ የተጀመረው በ1907 በተቋቋመው የብሮንክስ ወንዝ ፓርክዌይ ኮሚሽን አማካይነት ነው። ፓርክዌይ ማለት በዛፍና በሣር መካከል የሚዘረጋ፣ የጭነት መኪና የማይገባበት፣ ሰው መኪናውን እየነዳ የሚዝናናበት መንገድ ነው። ኮሚሽኑ ከብሮንክስ መናፈሻ እስከ ኬንሲኮ ግድብ ድረስ የወንዙን ግራና ቀኝ ገዝቶ፣ ጎጆዎችንና የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን አንሥቶ፣ የወንዙን ጎዳና በአንዳንድ ስፍራ አቃንቶ ሥራውን በ1925 ፈጸመ። በጊዜው እንደ ታላቅ የምሕንድስና ስኬት የተወደሰው ይህ ሥራ ሁለት ነገሮችን አብሮ ይዟል። አንደኛው፣ ከወንዙ ዳር ከተነሡት መካከል ደኻ ስደተኞች መኖራቸው ነው፤ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የነበረው ማዲሰን ግራንት በ1916 ባሳተመው የዘረኝነት መጽሐፍ የታወቀ ሰው መሆኑም በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ሁለተኛው፣ የሥራው ወሰን በብሮንክስ መናፈሻ ላይ ማብቃቱ ነው። ከመናፈሻው በታች ያለው የወንዙ ክፍል፣ ማለትም ዌስት ፋርምስ፣ ሳውንድቪውና ሃንትስ ፖይንት፣ ለፋብሪካና ለመጋዘን ተተወ። አንድ ወንዝ በሰሜን የሽርሽር ስፍራ፣ በደቡብ የመጣያ ቦታ ሆኖ የተከፈለው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ክፍፍል ያጸናው የፈጣን መንገዶች ግንባታ ነው። ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በኒው ዮርክ የሕዝብ ሥራዎች ላይ ወሳኝ ሥልጣን የነበረው ሮበርት ሞዘስ፣ ከ1948 ጀምሮ ብሮንክስን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሰንጥቆ የሚያልፈውን ክሮስ ብሮንክስ የተባለ ፈጣን መንገድ ሲያሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ፈጣን መንገድ እግረኛ የማይሻገርበት፣ የትራፊክ መብራት የሌለበት፣ መኪና በተወሰኑ መውጫዎች ብቻ የሚገባና የሚወጣበት መንገድ ስለ ሆነ፣ በሰፈር መካከል ሲያልፍ እንደ ግንብ ይለያል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሼሪዳን ፈጣን መንገድ በወንዙ ምዕራባዊ ዳር ተከፈተ። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ ሰሜን ሊቀጥል የታሰበው ክፍል በተቃውሞ ምክንያት ሳይሠራ ስለ ቀረ፣ መንገዱ ሁለት ሌሎች ፈጣን መንገዶችን ከማገናኘት ሌላ ብዙ ጥቅም አልነበረውም። የአካባቢው ሰው ግን ከፊቱ በርካታ መስመር ያለው የመኪና መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ የባቡር ሐዲድ፣ ከዚያም የፋብሪካ አጥር ስለ ተደረደረበት፣ ከመስኮቱ አሻግሮ የሚያየውን ወንዝ ሊደርስበት አልቻለም።

የሃንትስ ፖይንት የምግብ ማከፋፈያ ገበያዎች ታሪክም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያው በ1967፣ የሥጋ ገበያው በ1974፣ የዓሣ ገበያው በ2005 ወደዚያ የተዛወሩ ሲሆን፣ ለሚሊዮኖች የሚሆን ምግብ በየዕለቱ የሚያልፍበት ይህ ልሳነ ምድር በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች መተላለፊያ ሆነ። መኪኖቹ ከፈጣን መንገዱ ወርደው በመኖሪያ ቤቶች መካከል ስለሚያልፉ፣ በአካባቢው ከፍተኛ የሆነው የሕፃናት የአስም ሕመም ከመኪኖቹ ጭስ ጋር ሳይያያዝ የተነገረበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1970ዎቹ ደቡብ ብሮንክስ በሥራ ማጣት፣ የከተማው አስተዳደር አገልግሎቶችን በመቀነሱና በተከታታይ የቤት ቃጠሎ ሲፈርስ፣ ወንዙ የመኪና ጎማ፣ የማቀዝቀዣና የተሰረቀ መኪና መቃብር ሆኖ ነበር።

በዚህ ሁኔታ መካከል በ1974 በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሩት አንደርበርግ ሥራቸውን ትተው የብሮንክስ ወንዝን የሚያድስ ድርጅት አቋቋሙ። ወይዘሮዋ ከብሮንክስ የፖሊስ አዛዥ ከአንቶኒ ቡዛ ጋር በመተባበር፣ ከአካባቢው ነጋዴዎች ማንሻ መሣሪያና የሰው ጉልበት እየለመኑ፣ በዌስት ፋርምስ አካባቢ ከወንዙ ሆድ የተጣለውን ብረታ ብረትና ጎማ ማውጣት ጀመሩ። ሰፈሩ እየተቃጠለ ሳለ ስለ ወንዝ ማሰብ ለብዙዎች ቅንጦት መስሎ ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ የመጡት ወጣቶች የሚቀጥሉት ሥራ ያገኙት እነዚህ ጥቂት ሰዎች ወንዙን ከመረሳት ስላዳኑት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው የሚለይበት ነገር መሪዎቹ የዚያው ሰፈር ልጆች መሆናቸው ነው። በወንዙ ስም በሚጠራው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር ያደጉት አሌክሲ ቶሬስ ፍሌሚንግ በማንሃተን የነበራቸውን ሥራ ትተው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱና በ1994 ዩዝ ሚኒስትሪስ ፎር ፒስ ኤንድ ጀስቲስ የተባለውን የወጣቶች ድርጅት መሠረቱ። ወጣቶቹ ስለ ሰፈራቸው ችግር ሲወያዩ ወንዙ ከመንደራቸው ጥቂት ርምጃ ርቆ ሳለ አንድም የሚወርዱበት መንገድ እንደሌላቸው አስተዋሉ። በወንዙና በሼሪዳን መንገድ መካከል ከ1940ዎቹ እስከ 1987 ኮንክሪት ሲያቦካ ኖሮ የተዘጋ ፋብሪካ ነበረ፤ ግቢው የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ጎተራዎቹና ማጓጓዣዎቹ ዝገው ቆመው ነበር። ከተማው ቦታውን በጨረታ ሊሸጠው ባሰበ ጊዜ ወጣቶቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም በ2000 መሬቱ ወደ ከተማው የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

በወንዙ ማዶ በሃንትስ ፖይንት በኩል ደግሞ ዘ ፖይንት በተባለው የሰፈር ልማት ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ማጆራ ካርተር ተመሳሳይ ትግል ይዘው ነበር። ካርተር መጀመሪያ የታወቁት የከተማው ቆሻሻ ተጠቃልሎ በሰፈራቸው እንዲተላለፍ የቀረበውን ዕቅድ በመቃወም ነው፤ ደቡብ ብሮንክስ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከድርሻው በላይ ቆሻሻ ይሸከም ነበር። ከመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ለወንዝ ዳር ሥራ የሚሰጥ 10,000 ዶላር የመነሻ ገንዘብ ሲቀርብላቸው ሰፈሩ ወንዝ የሚደርስበት ቦታ የለውም ብለው አመንትተው እንደ ነበር እርሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ቦታው የተገኘው ከውሻቸው ጋር ሲወጡ ነው፦ የላፋዬት ጎዳና የሚያልቅበት፣ ቆሻሻ የተከመረበት፣ ማንም መንገድ ብሎ የማይጠራው ጥግ። ይህ ጥግ በከተማው ካርታ ላይ መንገድ ተብሎ የተመዘገበ የሕዝብ መሬት ስለ ነበር፣ የሚገዛ ባለቤትና የሚፈርስ ሕንጻ አልነበረውም። ይህ ነጥብ ትንሽ ቢመስልም ለቀጣዩ ሥራ ሁሉ ቁልፍ ሆኗል፤ ሚሊዮኖችን ከሚጠይቅ የመሬት ግዢ በፊት የራስ የሆነውን የተዘጋ ጎዳና መክፈት ይቻላልና። ነዋሪዎቹ ጥጉን ጠርገው፣ አፈር አልብሰው ዛፍ ተከሉበት፤ 10,000 ዶላሩም ከጊዜ በኋላ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፕሮጀክት ሆኖ፣ የሃንትስ ፖይንት ሪቨርሳይድ መናፈሻ በ2000ዎቹ አጋማሽ በሙሉ ቅርጹ ተከፈተ። እንደ ካርተር አባባል ከ60 ዓመት በላይ በደቡብ ብሮንክስ ውኃ ዳር የተሠራ አዲስ መናፈሻ አልነበረም።

የተበታተኑት ጥረቶች የተያያዙት በ1997 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከ60 በላይ የሰፈር ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ የጋራ የሥራ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ሕዝቡን ከወንዙ ጋር ለማስተዋወቅ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ በወርቅማ ቀለም የተቀባ ትልቅ ኳስ በ1999 ጸደይ በወንዙ ላይ ማንሳፈፍ ነበር፤ ኳሱ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲወርድ ሕዝቡ በየድልድዩና በየዳሩ እየተቀበለ ሸኘው። ከባድ የፖሊሲ ሰነድ ያላገኘውን ትኩረት አንድ ኳስ ማግኘቱ የቀልድ ያህል ቢመስልም፣ ነዋሪው ወንዙ ከእርሱ ሰፈር በላይና በታች እንደሚቀጥል ያየው በዚያ ቀን ነው። በ2001 የሥራ ቡድኑ ብሮንክስ ሪቨር አላያንስ ወደ ተባለ ቋሚ ድርጅት ተለወጠና ከከተማው የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ጋር በሽርክና ወንዙን ማስተዳደር ጀመረ። የሰፈሩ የኮንግረስ ተወካይ ሆሴ ሴራኖም ለወንዙ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የፌዴራል ገንዘብ አስገኙ። ይህ ገንዘብ ብዙ ነገር ሠርቷል፤ ሆኖም ገንዘቡ የመጣው ነዋሪው ከተደራጀ ከዓመታት በኋላ መሆኑ በቅደም ተከተሉ ላይ ግልጽ ነው።

በእነዚህ ዓመታት አላያንሱና አባላቱ የጋራ ዕቅድ ያደረጉት ግሪንዌይ ይባላል፤ እርሱም በወንዙ ዳር ሳይቋረጥ የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሲሆን፣ የየሰፈሩን መናፈሻ እንደ ዶቃ በአንድ ክር ያያይዛል። ከዕቅዱ ውስጥ ወደ 13 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው በብሮንክስ ያለው ክፍል ነበር። ሥራው ግን ዳርቻው ላይ ብቻ ሊቆም አልቻለም፤ ምክንያቱም መናፈሻ ተሠርቶ ወደ እርሱ የሚያሻግር ዜብራ ከሌለ የሚጠቀምበት አይኖርም። ስለዚህ የሃንትስ ፖይንት ነዋሪዎች የላፋዬትና የሃንትስ ፖይንት ጎዳናዎች መካከላቸው በዛፍ እንዲለይ፣ የእግረኛ መንገዳቸው እንዲሰፋ፣ ብስክሌት እንዲያልፍባቸው የሚጠይቅ ሳውዝ ብሮንክስ ግሪንዌይ የተባለ ዕቅድ ከከተማው የኢኮኖሚ ልማት ድርጅት ጋር አዘጋጁ። የዕቅዱ ሰነድ በ2006 ወጣ፤ ከውጤቶቹ አንዱ ሃንትስ ፖይንት ላንዲንግ የተባለው የውኃ ዳር ስፍራ በ2012 ተከፈተ፤ በ2015 ደግሞ ደቡብ ብሮንክስን ከራንዳልስ ደሴት ሰፊ ሜዳዎች ጋር የሚያገናኝ የእግረኛና የብስክሌት መተላለፊያ ተጠናቀቀ።

የኮንክሪቱ ፋብሪካ ግቢ ኮንክሪት ፕላንት መናፈሻ ተብሎ በ2009 ሲከፈት ጎተራዎቹና ማጓጓዣዎቹ አልፈረሱም፤ ሮዝ ቀለም ተቀብተው በሣሩ መካከል ቆሙ፤ በውኃው ዳርም የተሰባበረ ኮንክሪት ተነሥቶ የጨዋማ ረግረግ ሣር ተተከለ። ወንዙ ራሱም መልስ መስጠት ጀምሮ ነበር። በ2006 ከኮነቲከት የመጡ 200 ያህል ኤልዋይፍ የተባሉ፣ በባሕር አድገው ለመራባት ወደ ጣፋጭ ውኃ የሚወጡ ዓሦች ተለቀውበት፣ በ2009 ዘራቸው ተመልሶ ሲመጣ ታየ፤ በ2010ዎቹ አጋማሽም በ182ኛው ጎዳና አጠገብ ባለው አሮጌ ግድብ ላይ ዓሦቹ የሚሻገሩበት መሰላል ተሠራላቸው። በ2007 በወንዙ ላይ አንድ ቢቨር፣ ማለትም ዛፍ በጥርሱ ቆርጦ ግድብ የሚሠራው እንስሳ፣ ተገኘ። ቢቨር በኒው ዮርክ ከተማ ከታየ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎ ስለ ነበር፣ ለኮንግረስ አባሉ ክብር ሆሴ ተብሎ ተሰየመ። ይህ ማለት ግን ውኃው ጸዳ ማለት አይደለም። የከተማው አሮጌ የፍሳሽ መስመር የቤት ፍሳሽንና የዝናብ ጎርፍን በአንድ ቱቦ የሚወስድ በመሆኑ፣ ዝናብ በበረታ ቁጥር ከማጣሪያው አቅም በላይ የሆነው ሁሉ ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ መጠኑም በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች ጋሎን ይቆጠራል።

የነዋሪዎቹ ረጅሙና ከባዱ ክርክር ግን ከሼሪዳን ፈጣን መንገድ ጋር የተደረገው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርክ ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሼሪዳን ብሩክነር ከተባለው ሌላ ፈጣን መንገድ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ለማስፋት ሲያቅድ፣ ወጣቶቹን፣ ዘ ፖይንትን፣ ማዘርስ ኦን ዘ ሙቭ የተባለውን የሰፈር ድርጅትና ሌሎችን ያቀፈ ጥምረት ተቋቁሞ የተገላቢጦሽ ሐሳብ አቀረበ፦ መንገዱ ይነሣ፤ በቦታውም ቤት፣ የሥራ ስፍራና መናፈሻ ይሠራበት፤ የጭነት መኪኖቹም ወደ ገበያው በቀጥታ የሚገቡበት ሌላ መውጫ ይበጅላቸው። ነዋሪዎች የመንግሥትን ዕቅድ ከመቃወም አልፈው የራሳቸውን ካርታና የትራፊክ ስሌት ይዘው መቅረባቸው ባለሥልጣናቱ ሐሳቡን በቀላሉ እንዳይጥሉት አደረጋቸው። ቢሆንም በ2010 የግዛቱ መሥሪያ ቤት መንገዱን የማንሣቱን አማራጭ ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ከተማው ከፌዴራል መንግሥት ባገኘው የጥናት ገንዘብ ነገሩን እንደገና አንሥቶ ካጠና በኋላ በ2013 መካከለኛ መንገድ አቀረበ፤ ሼሪዳን ሙሉ በሙሉ ከሚነሣ ይልቅ የትራፊክ መብራትና መሻገሪያ ያለው የከተማ ጎዳና ይሁን የሚል ነበር።

ውሳኔው የመጣው ገዥው አንድሩ ኩዎሞ በ2017 የ1.8 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ባስታወቁ ጊዜ ነው። በ2018 ሥራው ተጀምሮ በ2019 መጨረሻ ሼሪዳን የፈጣን መንገድነት ማዕረጉ ተገፎ፣ የትራፊክ መብራት የቆመለትና እግረኛ ወደ ስታርላይት መናፈሻ የሚሻገርበት ጎዳና ሆነ። ስታርላይት በ1918 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተዘጋጀበት፣ በኋላም የመዝናኛ ስፍራ የነበረና የተዘጋ መሬት ነው፤ እንደገና መናፈሻ ሊሆን በ2000ዎቹ ሲቆፈር አሮጌ የጋዝ ማምረቻ የተወው ብክለት ከአፈሩ ስለ ተገኘ ዓመታት ዘግይቶ በ2013 ተከፍቶ ነበር። በ2023 ደግሞ ወንዙንና የባቡር ሐዲዱን የሚሻገሩ ድልድዮች ተሠርተውለት ከኮንክሪት ፕላንት መናፈሻ ጋር ተገናኘ፤ ከሁለቱ መናፈሻዎች አንዱን የሚያውቅ ልጅ ሌላውን ለማግኘት ከመኪና ጋር የሚጋፋበት ምክንያት ቀረ።

ይሁንና በገዥው ዕቅድ ውስጥ የነዋሪዎቹ ሐሳብ የተወሰደው በግማሽ ነው። የጭነት መኪኖች ወደ ገበያው የሚገቡበት አዲስ መውጫ በኤጅዎተር መንገድ በኩል፣ በኮንክሪት ፕላንት መናፈሻ አጠገብ እንዲወርድ ግዛቱ ሲወስን፣ ጥምረቱ መውጫው ከወንዙ ርቆ በምዕራብ በኩል ይሁን ብሎ ያቀረበው አማራጭ ተቀባይነት አላገኘም። የሰፈሩ ሰዎች ሌላም ስጋት ነበራቸው፤ በ2011 ከሼሪዳን አጠገብ ያለው የፋብሪካ መሬት ለመኖሪያ ቤት ከተፈቀደ ወዲህ በዚያ ረጃጅም ሕንጻዎች ስለ ተሠሩ፣ ወንዙን ያስመለሱት ሰዎች የቤት ኪራይ ጨምሮባቸው ከወንዙ እንዳይርቁ ይፈሩ ነበር፤ ይህም ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። የስታርላይት ድልድዮች በ2023 ሲከፈቱ፣ ከኮንክሪት ፕላንት መናፈሻ ወደ ሃንትስ ፖይንት ሪቨርሳይድ መናፈሻ የሚወስደው የግሪንዌዩ ክፍል ገና አልተሠራም ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ የሚሄድ ሰው ከጭነት መኪኖች ጋር በኤጅዎተር መንገድ ማለፍ ነበረበት።